ከረግረግ ዳር እስከ ውቅያኖስ መሐል

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የምነግራችሁ የረጅም ጉዞ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ1815 ሩሪክ የምትባል የሩሲያ መርከብ ዓለምን ልትዞር ከባልቲክ ባሕር ተነሣች። አዛዧ ኦቶ ፎን ኮትሰቡ ነበር። ሐኪሟ ደግሞ ሃያዎቹን ገና የጀመረ ወጣት ነው፤ ዮሐን ፍሪድሪሽ ኤሽሾልትስ ይባላል። ኤሽሾልትስ በሽተኛ በማከም ብቻ አልተወሰነም፤ የሚዋኘውንም የሚሳበውንም የሚበረውንም ይሰበስብ ነበር። መርከቧ በ1818 ወደ አገሯ ተመለሰች። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1822፣ በውቅያኖስ ገጽ ላይ የምትኖር አንዲት ባለ ስድስት እግር ፍጥረት ለዓለም አስተዋወቀ። ሃሎባተስ ብሎ ሰየማት።

ነገሩን እንደ ዋዛ እንዳትሰሙት። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ስም ያወጣላቸው የነፍሳት ዝርያዎች ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። በረሃውን፣ ደኑን፣ ተራራውን፣ ጎተራችንን፣ ልብሳችንን ሳይቀር ወርሰዋል። ከምድር ሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሸፍነው ውቅያኖስ ግን በሩን ዘግቶባቸዋል። ከባሕር ዳርቻ ርቀው፣ መሐል ውቅያኖስ ላይ ተወልደው፣ እዚያው በልተው፣ እዚያው ተራብተው፣ እዚያው የሚሞቱት አምስት ዝርያዎች ብቻ ናቸው። አምስቱም ሃሎባተስ ናቸው። ክንፍ የሚባል ነገር የላቸውም። ቁመታቸው ከስድስት ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። አፈር ሳይረግጡ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ።

ታዲያ እዚያ ማን አደረሳቸው? ይህን ለማወቅ መርከቧን እዚሁ ትተን ወደ ኋላ፣ እጅግ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

ዘመኑ ከ200 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት እንደሆነ ይገመታል። ዳይኖሰሮች በምድር ላይ አሉ። የእኛ ታሪክ የሚጀመርበት ቦታ ግን ባሕር አይደለም፣ ወንዝም አይደለም። እርጥብ መሬት ነው። የረገፈ ቅጠል አለ፣ ጭቃ አለ፣ ድንጋዩን ያለበሰ አረንጓዴ አለ፤ ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል። በዚያ መሐል አንዲት ትንሽ አዳኝ ወዲያ ወዲህ ትላለች። አፏ የሚወጋ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ያገኘችውን ወግታ ውስጡን ትመጠዋለች። ዘሯ ከትኋን ወገን ነው። አዎ፣ ያ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣን የአልጋ ትኋን የሩቅ ዘመዷ ነው።

ከዚህች አዳኝ የተወለዱት ዛሬ ከ2,000 ዝርያ በላይ ሆነዋል። ሊቃውንቱ ገሮሞርፋ ይሏቸዋል። ከነሱ አንዷን ያላየ የገጠር ልጅ ያለ አይመስለኝም፤ ጸጥ ባለ ኩሬ ላይ ረጃጅም እግሮቿን ዘርግታ የምትቆመው፣ የማትሰምጠው፣ የማትዋኘው፣ ጥላችን ሲያርፍባት ብልጭ ብላ የምትሸሸው ናት። ልጆች የውሃ እናት ከሚሏት ከዚያች ጥቁር አብረቅራቂ ጥንዚዛ ጋር እንዳታምታቷት። የውሃ እናት ግማሽ ሰውነቷን ነክራ ትዋኛለች፣ ሲያሰኛትም ትጠልቃለች። የእኛዋ ግን ከውሃው በላይ ቆማ ነው የምትሮጠው። ስለዚህ በዚህ ትረካ ሯጯ እላታለሁ።

ስለ ሯጯ አመጣጥ ከሁሉ አብልጦ የደከመው ኒልስ ሞለር አንደርሰን የሚባል የዴንማርክ ሰው ነው፤ በኮፐንሃገን የእንስሳት ሙዚየም ይሠራ ነበር። በ1982 ስለ መላው ወገን አንድ ግዙፍ መጽሐፍ አወጣ። የተናገረው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ እነዚህ ፍጥረታት ከደረቅ መሬት ዘለው ውሃ ላይ አልወጡም። መጀመሪያ እርጥብ መሬት ለመዱ። ከእርጥቡ መሬት ወደ ውሃው ዳር መጡ። ከዳሩ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ወጡ። ከቅጠሉ ወደ ተራቆተው ውሃ ተሻገሩ። ከዚያ ወደ ወንዙ፣ ከዚያም ወደ ባሕሩ። ከእርሱ በኋላ በዘረመል የተሠሩ የዘር ሐረጎች አንዳንዱን ቅርንጫፍ ከቦታው አንቀሳቅሰውታል፤ ዋናው መንገድ ግን እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ያለ አንድም ማረፊያ ባዶ አልቀረም። ጉዞው የተጀመረበት እርጥብ አረንጓዴ ውስጥ ሄብሪዴ የሚባሉት ጥቃቅኖች አሁንም አሉ፤ ርቀው አልሄዱም። በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ሜሶቬሊያ አለች፤ ከቅጠል ወደ ቅጠል በውሃው ላይ ስድስቱንም እግሯን እያፈራረቀች፣ መሬት ላይ እንደሚሄድ ሁሉ ትራመዳለች። ከሸምበቆው ሥር፣ ውሃው መሬቱን በሚነካበት ቦታ፣ ሃይድሮሜትራ አለች፤ ክር የምታህል ቀጭን ናት፣ ራሷ ረዝሞ ዓይኖቿ መሐሉ ላይ ናቸው፣ ስትሄድ አትቸኩልም፤ ከገጹ ሥር የሚተነፍስ የወባ ትንኝ እጭ ስታገኝ ከላይ ሆና ትወጋዋለች። ከነሱ ወዲያ ደግሞ ሯጮቹ አሉ። ስለዚህ አንድ ረግረግ ዳር ጎንበስ ብሎ በትዕግሥት የሚያይ ሰው ከጭቃው ወደ መሐል ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ የ200 ሚሊዮን ዓመቱን መንገድ በሁለት ክንድ ርቀት ውስጥ ያየዋል።

አሁን ስለ ውሃው ልንገራችሁ፤ አገራቸው እሱ ነውና።

የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርስ ይሳሳባሉ። ከውስጥ ያሉት በየአቅጣጫው ይሳባሉ፤ ከላይ ያሉት ግን በራሳቸው ላይ ውሃ ስለሌለ ወደ ጎንና ወደ ታች ብቻ ይሳባሉ። በዚህ የተነሣ ገጹ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። እኛ ግዙፎች ስለሆንን ውጥረቱ አይሰማንም፤ እግራችንን ስንነክር ቀደን እንገባለን። ለትንሽ ፍጥረት ግን ይህ ቆዳ ወይ ወለል ነው ወይ ወጥመድ። ሰውነቷ የረጠበ እንደሆነ ውሃው ይዞ አይለቃትም፤ ስንት ዝንብ፣ ስንት ጉንዳን ገጹ ላይ ተጣብቆ ሲታገል ይሞታል። ያልረጠበች እንደሆነ ግን ትቆምበታለች።

ሯጯ አትረጥብም። ምሥጢሩ ፀጉሯ ነው። መላ ሰውነቷ በሁለት ዓይነት ፀጉር ተሸፍኗል፤ ረዘም ያለው የዝናቡን ጠብታ ያባርራል፣ ከሥሩ ያለው በዓይን የማይታየው ጥቅጥቅ ፀጉር ደግሞ አየር አቅፎ ይይዛል። በ2004 ሹፌንግ ጋኦና ሌይ ጂያንግ የሚባሉ ሁለት የቻይና ተመራማሪዎች እግሯን በኃይለኛ ማጉያ ተመለከቱ። እያንዳንዷ ፀጉር ራሷ በጥቃቅን ቦዮች የተፈለፈለች ሆና አገኟት፤ አየሩ በቦዮቹ ውስጥ ይቀመጣል፣ ውሃው ከአየሩ አያልፍም። አንድ እግር ብቻዋን ገጹን ሳትበሳ የመላ ሰውነቷን ክብደት 15 እጥፍ መሸከም እንደምትችልም ለኩ። ስድስት እግር ያላት ፍጥረት ዝናብ ሲወርድባት፣ ሞገድ ሲመታት ለምን እንደማትሰምጥ ከዚህ ይገባናል።

አንዲት ነገር ጨምሬ ላሳያችሁ፤ እኔ ከሁሉ የምወዳት እሷን ነው። የነፍሳት ጥፍር እንደ ልማዱ የእግር ጫፍ ላይ ነው፤ ቅርፊት የሚቧጥጡት፣ ቅጠል የሚይዙት በሱ ነው። ውሃ ላይ የቆመ ፍጥረት ግን ጫፉ ላይ ጥፍር ቢኖረው ገጹን ይቀደው ነበር። የሯጯ ጥፍር ከጫፉ ወደ ኋላ ሸሽቷል። የእግሯ ጫፍ ለስላሳ ሆኖ ይቀድማል፣ ጥፍሯ በጎን በኩል ካለች ስንጥቅ ትወጣለች። በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የምትለካ ሽግሽግ ናት፤ በሷ ምክንያት ግን የኩሬው መሐል ተከፈተ።

ቆሞ መቅረት አይበቃም፤ መሄድ አለ። የጥንቶቹ በውሃው ላይ ይራመዱ ነበር አልኳችሁ። ሯጮቹ መራመዱን ትተው መቅዘፍ ጀመሩ። የፊት ሁለት እግሮች አጠር ብለው ለአደን ቀሩ። የኋላዎቹ አቅጣጫ ይዘው ይጠብቃሉ። መሐለኞቹ ሁለቱ ግን ከሁሉ በልጠው ረዘሙ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀዝፋሉ። በ2009 አብደራህማን ኪላ፣ ኢሃብ አቡሃይፍና ሎክ ሮው ይህ እንዴት እንደመጣ በዘረመል ደረጃ አሳዩ። አልትራባይቶራክስ የሚባል እጅግ ጥንታዊ ዘረመል አለ፤ በዝንብም በአንበጣም ይገኛል። በሯጯ ፅንስ ውስጥ ይኸው አንዱ ዘረመል መሐለኛውን እግር ሲያስረዝም የኋላውን ያሳጥራል። አዲስ መሣሪያ አልተሠራም። የነበረው ለሁለት እግሮች ሁለት የተለያየ ትእዛዝ መስጠት ጀመረ።

የመቅዘፉ ነገር ሊቃውንቱንም አስቸግሮ ነበር። ሯጯ ወደፊት የምትሄደው ጥቃቅን ሞገድ ወደ ኋላ እየገፋች ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ማርክ ዴኒ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ በ1993 ሒሳቡን ሠራና የሚቃረን ነገር አገኘ። በውሃ ገጽ ላይ ሞገድ ለማስነሣት እግሩ በሰከንድ ከ23 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ መፍጠን አለበት፤ ገና የተፈለፈሉት ጫጩቶች እግር ደግሞ እዚያ አይደርስም። ሞገድ ካላስነሡ መሄድ አይችሉም፤ ሆኖም ይሄዳሉ። መልሱ የመጣው በ2003 ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ዴቪድ ሁ፣ ብራያን ቻንና ጆን ቡሽ ውሃውን ቀለም አግብተውበት ሯጯን አስሮጧት። ቀለሙ የሚሆነውን አጋለጠ፦ እያንዳንዱ ቅዘፋ ከገጹ ሥር ጥንድ ጥንድ አዙሪት ይተዋል፤ አዙሪቶቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ እሷ ወደፊት ትሄዳለች። ሞገዱ ተከትሎ የሚመጣ እንጂ በዋናነት የሚያስኬዳት አይደለም።

እንግዲህ ኩሬው ተያዘ። ቀጣዩ ወንዝ ነው፤ ወንዝ ደግሞ ይፈስሳል።

በፈጣን ጅረት ላይ የሚኖሩት ራጎቬሊያ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ቁመታቸው ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ ውሃው ግን ይወርድባቸዋል። ካልተቃወሙት ይዟቸው ይሄዳል። በመሐለኛው እግራቸው ጫፍ ላይ በአብዛኞቹ ዘመዶቻቸው ዘንድ የሌለ ነገር አላቸው፤ ላባ የመሰሉ ፀጉሮች የተሰካኩበት ማራገቢያ። እግሩ ወደ ኋላ ሲገፋ ማራገቢያው ውሃ ውስጥ ይዘረጋል፣ እግሩ ሲመለስ ይከደናል። በ2017 በሊዮን ያለው የኪላ ቡድን ማራገቢያውን የሚያበቅሉ ሁለት ዘረመሎች ማግኘቱን አስታወቀ። አንደኛውን ጌሻ፣ ሁለተኛውን የጌሻ እናት አሏቸው። ጌሻ ከእናቲቱ ተባዝቶ የወጣ ነው፤ የሚገኘውም ራጎቬሊያ ዘንድ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ዝም ሲያሰኟቸው ማራገቢያው ሳይበቅል ቀረ። ማራገቢያ የሌላቸው ራጎቬሊያዎች ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ይሄዳሉ፤ ሽቅብ ወንዙን መቃወም ግን ያቅታቸዋል። እስቲ አስቡት፤ አንዲት ዘረመል ተባዝታ አንድ ሙሉ አገር ስትከፍት።

የቆዳው ነዋሪዎች ስለሚነጋገሩበት መንገድ ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆናል። ገጹ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ጆሮም ነው። ዝንብ ወድቃ ስትንፈራገጥ የምታስነሣውን ንዝረት ሯጯ በእግሮቿ ትሰማለች፤ ዞራ በቀጥታ ትደርስባታለች። የገዛ ወገኖቿንም በዚያው ታውቃለች። ስቲምሰን ዊልኮክስ የተባለ አሜሪካዊ በ1979 ድንቅ ሙከራ አሳተመ። የአንድ ዝርያ ወንዶች ገጹን በሰከንድ ከ80 እስከ 90 ጊዜ እያርገበገቡ ወንድነታቸውን ያሳውቃሉ፤ ሴቶቹ እንዲህ አያደርጉም። ዊልኮክስ የወንዱን ዓይን ሸፈነ። በሴቲቱ እግር ላይ ቅንጣት ማግኔት አጣበቀና በኤሌክትሪክ ጥቅል አማካይነት እግሯ የወንድ ንዝረት እንዲያወጣ አደረገ። ዓይኑ የተሸፈነው ወንድ ሴቲቱን ወንድ ናት ብሎ ተዋት። ንዝረቱ ሲቋረጥ ግን ሊይዛት መጣ። ማየት የማይችል ፍጥረት በውሃ ላይ የተጻፈውን አነበበ ማለት ነው።

ከዚህ ወደ ዓለሙ ካርታ እንሂድ። ፈረንሳይ ውስጥ ከተገኘ፣ ድንጋይ ከሆነ የዛፍ ሙጫ ውስጥ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረች የሯጮች ዘመድ ወጥታለች፤ በባልቲክ ሙጫ ውስጥ ደግሞ ከዚያ የሚያንሱ ብዙዎች አሉ። ዛሬ ከአንታርክቲካ በቀር የማይገኙበት አህጉር የለም። እጅግ የበዙት በሞቃቱ የምድር ወገብ ዙሪያ ነው፦ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ኒው ጊኒ፣ እንዲሁም በደቡብ አሜሪካ። በቬትናም ሰሜናዊ ጅረቶች ጊጋንቶሜትራ የምትባል አለች፤ መሐለኛ እግሮቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ናቸው። ይህን ያህል መግዘፍ ዋጋ አለው። ትናንሾቹ ሲዘሉ ገጹን ሳይቀዱ ይገፉታል፤ ይህቺ ግን ስለምትከብድ ገጹን ቀዳ ገብታ ከሥሩ ያለውን ውሃ ረግጣ ነው የምትነሣው። ወደ ሰሜን፣ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ስንሄድ ዝርያዎቹ ያንሳሉ፤ እዚያ ክረምቱ ኩሬውን በረዶ ስለሚያደርገው ጌሪስ የሚባሉት ውሃውን ትተው በደረቅ ቅጠል ሥር ብርዱን ያሳልፋሉ።

ከኩሬ ወደ ኩሬ የሚያደርሳቸው ክንፍ ነው። ግን ስሙኝማ፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ክንፍ ያላቸውና የሌላቸው አብረው ይወለዳሉ። ውሃው የማይነጥፍ ከሆነ ክንፍ ትርፍ ሸክም ነው፤ ክንፍ አልባዋ ጉልበቷን ለእንቁላል ታውለዋለች። ውሃው የሚደርቅ ከሆነ ባለ ክንፏ ትተርፋለች። ባለ ክንፏም ብትሆን ጥሩ ውሃ ካገኘች በኋላ የበረራ ጡንቻዋን ራሷ አሟሙታ ለእንቁላሎቿ ምግብ የምታደርግበት ጊዜ አለ። ከዚያ ወዲያ አትበርም፤ እዚያው ትቀራለች።

ክረምት የሞላው ኩሬ በጋ ላይ በሚደርቅበት በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አያስቸግርም። ሊምኖጎነስና ዩሪሜትራ የሚባሉት ወገኖች አፍሪካን የያዙ ናቸው። በኢትዮጵያም የወንዝና የረግረግ ጤንነት የሚያጠኑ ባለሙያዎች በመረባቸው ከሚይዟቸው መሐል ሯጮቹ አሉበት። ልብ በሉ፤ ሯጯ የምትተነፍሰው ከላይ ያለውን አየር ስለሆነ፣ ውስጡ አየር ያጠረው ውሃ ላይም ልትታይ ትችላለች። እሷ ስላለች ብቻ ውሃው ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። የሚጎዳት ሌላ ነው፤ ሳሙና። የልብስ ሳሙናም ዱቄቱም የውሃ ቅንጣቶችን መሳሳብ ያላላል። ቆዳው ይላላል፣ ፀጉሯ ያቀፈው አየር ያመልጣል፣ እግሯ ይሰምጣል። ልብስ በብዛት የሚታጠብበት ጠባብ ኩሬ ላይ ሯጯን የሚጠፋባት ምግቧ ሳይሆን የቆመችበት ወለል ነው። ይህ ሲደርስ ሰው አያየውም፤ ለዚህ ነው እኔ የምናገረው።

አሁን ወደ ባሕሩ ደረስን።

ወደ ጨው ውሃ የገባው አንድ ጎሣ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ወገን የተለያዩ ቅርንጫፎች፣ በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ቦታ ሞክረውታል። መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ ከባሕር የሚቀላቀልበትና ማንግሮቭ የሚበቅልበት ዳርቻ ነው፤ ጨዋማው ከጣፋጩ ጋር የሚደባለቅበት፣ ሞገዱ የሚደክምበት። ከ40 የሚበልጡት የሃሎባተስ ዝርያዎች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ ከዚያ አልራቁም። ከሕንድ ውቅያኖስ እስከ ፓሲፊክ ደሴቶች ዳር ዳሩን ይኖራሉ። ጥንታዊነታቸውን የምትመሰክረው ሃሎባተስ ሩፎይ ናት፤ ጣሊያን ውስጥ፣ ቬሮና አጠገብ፣ 45 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ ድንጋይ ላይ ታትማ ተገኝታለች። ያ ቦታ በዚያ ዘመን ሞቃት ባሕር ነበር።

ከዳርቻው የተነጠሉት አምስቱ ናቸው። የዘረመል ጥናት እንደሚያመለክተው ወደ ጥልቁ የወጡት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ለየብቻ ነው። ኤሽሾልትስ የገለጻት ሃሎባተስ ሚካንስ ሦስቱንም ውቅያኖስ ይዛለች፤ አትላንቲክ ላይ ከሷ በቀር አንዳቸውም የሉም። ሴሪከስ ፓሲፊክን ከሰሜንም ከደቡብም ይዛለች። ጀርማነስ ከሕንድ ውቅያኖስ እስከ ምዕራብ ፓሲፊክ ናት። ሶብሪነስና ስፕሌንደንስ በምሥራቅ ፓሲፊክ ተወስነዋል። ሁሉም ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ቀዝቃዛውን ውሃ አያልፉም።

ጀርማነስ ቀይ ባሕርም ላይ አለች። ከሀያነስ ጋር፣ እሷ የዳርቻዋ ናት፣ በሳዑዲ ዐረቢያ በንጉሥ አብዱላህ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አጠኗቸውና በ2020 ውጤቱን አሳተሙ። ፀጉራቸው ከኩሬዎቹ ዘመዶቻቸው ይልቅ የጠቀጠቀ ነው። የየራሳቸውን ሰውነት ዘወትር እያበጠሩ ውሃ የሚያባርር ቅባት ይቀቡታል። ሲያመልጡ የሚያገኙት ፍጥንጥነት በሰከንድ ስኩዌር 400 ሜትር ገደማ ይለካል፤ የምድር ስበት ከሚሰጠው 40 እጥፍ። ማነሳቸውም ጥቅም ሆኗቸዋል፤ ትንሽ ሰውነት ቢሰምጥ እንኳ ያቀፈው አየር መልሶ ወደ ላይ ያወጣዋል። ቀይ ባሕርን በመርከብ የተሻገረ ሰው፣ ስንት የእኛም ሰው ተሻግሮታል፣ በነዚህ መሐል አልፏል።

ክንፍ የሌላት፣ የብስ የማታውቅ፣ ዛፍ የሌለበት አገር ነዋሪ፤ እንቁላሏን የት ትጣል? ውሃው ላይ አትጥለውም፤ የሚንሳፈፍ ጠጣር ነገር ትፈልጋለች። የወፍ ላባ፣ የእንጨት ስባሪ፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላል ድንጋይ፣ ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት። ይህን ማግኘት ብርቅ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሃሎባተስን ያጠናችው ላና ቼንግ፣ በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ተቋም ተመራማሪ፣ በ2002 ከባልደረባዋ ጋር አንድ ነገር ዘገበች። በምሥራቅ ፓሲፊክ አንድ የፕላስቲክ ጀሪካን ተንሳፍፎ ተገኘ፤ አራት ሊትር ያህል የሚይዝ። የሶብሪነስ እንቁላል ለብሶታል። እንቁላሉ እርስ በርሱ እስከ 15 ድርብ ተነባብሯል። ሲገመት 70,000 ሆነ። አንድ ጀሪካን ላይ!

ላባና እንጨት ብርቅ በነበረበት ባሕር ላይ ዛሬ ፕላስቲክ በዝቷል። በ2012 ቼንግ የተሳተፈችበት ጥናት በሰሜን ፓሲፊክ አዙሪት ውስጥ ያለው ደቃቅ ፕላስቲክ በ40 ዓመት ውስጥ መቶ እጥፍ ያህል እንደጨመረ፣ የሴሪከስ እንቁላልም አብሮ እንደጨመረ አሳየ። ይህን ሰምታችሁ ለሷስ ደግ ሆነላት እንዳትሉ። ሴሪከስ የምትበላው በገጹ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳትንና የዓሣ እንቁላልን ነው፤ እሷ ስትበዛ እነሱ ሊያንሱ ይችላሉ። እሷን ደግሞ ዓሦችና የባሕር ወፎች ይበሏታል።

ፕላስቲኩን ከመሐል ውቅያኖስ በመረብ እንጥረግ የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል። የባሕር ተመራማሪዎች ደግሞ መረቡ በገጹ ላይ የሚኖረውን ሕይወት አብሮ እንደሚያነሣ አስጠንቅቀዋል። እኔ ከተመራማሪዎቹ ጋር ነኝ። ጀሪካኑ ከባሕር ሳይገባ ወንዝ ላይ ይያዝ፤ ወንዙ ዳር የምንኖር ሰዎች ይህን ማድረግ እንችላለን። መሐል ውቅያኖስ ላይ መረብ የሚጥል ግን ያወጣውን ፕላስቲክ ሁሉ ገልብጦ ይመልከት፣ በላዩ ያለውን እንቁላል ይቁጠር፣ የቆጠረውንም ለሕዝብ ይናገር።